ሮዘር የማለለት ጓሮ

በእኛ መንገድ፣ ዦልዬት ከተማ ዳር፣ የመዋኛ ገንዳ የሌለው አንድ ጓሮ ብቻ ነበር፤ እሱም የላውረት ጓሮ ነው። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ብትሄዱ ከየቤቱ ጀርባ ክብ ሰማያዊ ገንዳ ብቅ ብሎ ታያላችሁ። ሀብታም ሆነን አይደለም። መሬት ተቆፍሮ በሴራሚክ የሚሠራው የሀብታም ነው፤ የእኛው ሣር ላይ የሚቆም የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ውስጡ ፕላስቲክ የተነጠፈበት፣ በመሰላል የሚወጣበት ነው። ሙቀቱ እዚህ አገር ቢበዛ ሁለት ወር ነው። ለሁለት ወር ብለን ዓመቱን ሙሉ ያንን ትልቅ በርሜል ጓሯችን ገትረን እንኖራለን፤ ሞኝነት ነው የሚል ካለ ይበል።

የላውረት ጓሮ ገንዳ ያልነበረው ባሏ ሮዘር ስላልፈቀደ ነው። ሮዘር ብርዱ ሲጠና ያንን ጓሮ ውሃ እያጠጣ ለሠላሳ አንድ ዓመት የበረዶ ሜዳ የሠራ ሰው ነው። ከወረቀት ፋብሪካ ሥራው ይመለሳል፣ ራቱን ይበላል፣ ቱቦውን ከምድር ቤት ጎትቶ ያወጣና ውሃውን ስስ አድርጎ ያፈሳል። ያ እስኪረጋ ገብቶ ይሞቃል፤ ተመልሶ ደግሞ ሌላ ስስ ያፈስበታል። ችኮላ አይወድም። ልጆቻችን ሁሉ መንሸራተት የተማሩት እዚያ ነው፤ የፊት ጥርሳቸውን ያወለቁትም እዚያው ነው። ከወዲያኛው ሰፈር የመጣ ልጅ እንኳ «የአቶ ሮዘር በረዶ መስታወት ነው» ይል ነበር። ሮዘር ይህን ሲሰማ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ያፏጫል።

ባለፈው ዓመት ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ጓሮውን ሲጠርግ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ምላሱን ግን እግዜር ተወለት። ያን ዓመት ሜዳው ሳይሠራ ቀረ። ልጆች መንሸራተቻ ጫማቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው አጥሩ ድረስ ይመጡና የተቆለለውን በረዶ አይተው ይመለሱ ነበር። ሮዘር በመስኮት ያያቸዋል፤ ከዚያ መጋረጃውን ይዘጋል።

ላውረት ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት የተማሪ አውቶብስ ነድታለች፣ አሁንም ትነዳለች። አጭር ናት፤ ከመሪው በላይ የምትታየው መቀመጫዋ ላይ ትራስ ስላለ ነው። ግን በኋላ ማሳያው መስታወት አንድ ጊዜ ገርመም ስታደርጋቸው አርባ ልጅ ጸጥ ይላል። ይህች ሴት አርባ ልጅ ጸጥ ስታሰኝ አንድ ባል ከወንበሩ ማስነሳት አቃታት። ሮዘር ምርኩዙን ይዞ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ጠረጴዛ ይጎተታል፤ ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች።

ሮዘርን የምታክመው የአካል እንቅስቃሴ ሐኪም አኒክ የምትባል ወጣት ናት፤ በየሐሙሱ ትመጣለች። ሙቀቱ እንደጀመረ ሰሞን ላውረትን በር ላይ አስቆመቻት።

«ወይዘሮ ላውረት፣ እውነቱን ልንገርዎት። እግራቸው ጨርሶ አልሞተም። መሬቱን ነው የፈሩት። ውሃ ውስጥ ሰውነት ይቀላል፤ እዚያ ቢሆን ደፍረው ያነሱት ነበር።»

«የሆስፒታሉስ ገንዳ?»

«ወረፋው ለሚመጣው ዓመት ነው። እሱን ከጠበቅን ጅማቱ እንደደረቀ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ።»

«ይቀራል ማለት?»

«ዊልቸር ማለት ነው፣ ወይዘሮ ላውረት። ይኼን በጋ ካልተንቀሳቀሱ።»

ላውረት በማግስቱ ቁርስ ላይ ነገሩን አነሳችው፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አታውቅም።

«ጓሮ ገንዳ ላስተክል ነው።»

«የት?» አለ ሮዘር።

«ሌላ ቦታ አለን እንዴ? በዚህ በኩል የመብራት ሽቦ፣ በዚያ በኩል የፍሳሽ ጉድጓድ። መሃሉ ነዋ።»

«ሜዳዬ ላይ።»

«ሜዳህ ላይ።»

«በይ እንግዲያው መቃብሬንም እዚያው ቆፍሪው።»

«ይኼ ገንዳ አይቆፈርለትም፤ ከላይ ነው የሚቆመው።»

ሮዘር ዳቦውን አስቀምጦ ተነሳ። ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ፣ ምርኩዙን ፈልጎ፣ መኝታ ቤት እስኪገባ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ተቆጥቶ መውጣት እንኳ እንደ ድሮው አልሆንለት አለ።

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ገንዳ አንዴ ከቆመ በብርድ ወራት አይነሳም፤ ውሃው ውስጡ እንዳለ በረዶ ይሆናል፣ እዚያው ይከርማል። ገንዳው ቆመ ማለት የሮዘር ሜዳ አበቃ ማለት ነው። ሜዳውን ካሁን በኋላ ማን ይሠራዋል ብትሉኝ፣ ማንም። ግን ማንም አይሠራውም ማለት ሌላ፣ ቦታው ላይ ገንዳ ገትሮ «አበቃ» ማለት ሌላ ነው። ላውረት ከማዘጋጃ ቤት የፈቃድ ቅጹን አምጥታ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ሮዘር በግራ እጁ ነቅሎ ጣለው። ሌላ አመጣች፣ ያንንም ነቀለው። ሦስተኛውን ይዛ ስትቆም እሷም ተጠራጠረች። እግሩን አድናለሁ ብላ የቀረውን ሰው ብትገድለውስ? ገንዳው ቆሞ፣ ሜዳው ጠፍቶ፣ እግሩም ሳይነሳ ቢቀርስ? ያን ጊዜ በምን ዓይኗ ታየዋለች? ቅጹን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

በበጋው አጋማሽ የግንባታ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ቀን እረፍት ይወጣል፤ አገሩ ሁሉ ለሁለት ሳምንት መዶሻውን ያስቀምጣል። እንግዲህ እረፍት ወጣን ይሉና አንዱ የአንዱን ቤት ሲሠሩ ይከርማሉ። የላውረት ወንድም ዠርቬ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ዕድሜ ልኩን መንገድ ሲደለድል የኖረ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው። በእረፍቱ የመጀመሪያ ቀን መጣ፣ ጓሮውን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ራሱን አከከ።

«እቴ፣ መጀመሪያ መሬቱ ይለካል። ወደ ሠላሳ ሺህ ሊትር ውሃ ነው የሚያርፍበት። ጣት ታህል ካዘነበለ ውሃው ወዳዘነበለበት ይገፋል፤ ከዚያ አንድ ቀን ግድግዳው ተቀዶ የጎረቤትሽ ሳሎን ገብተሽ ትዋኛለሽ።»

ሮዘር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ወሬው የሱ አይመስልም፤ ፊቱን አዙሯል። ይህን ሲሰማ ግን ዞረ።

«ምኑን ነው የምትለካው?»

«መሬቱን ነዋ፣ አማቼ።»

«ያንን መሬት? ያ መሬት እኮ መስታወት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በረዶ የሠራሁበት መሬት ነው። ብርቱካን ብታስቀምጥበት አይንከባለልም ነበር። ጠይቅ፣ ሰፈሩን ጠይቅ።»

«እኔ መለኪያዬን ነው የምጠይቀው።»

«እንግዲያው ለካ» አለ ሮዘር። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። «ላውረት፣ አንቺም ስሚ። ጣት ታህል ካዘነበለ ገንዳሽን ትከዪ፤ ቃል አይወጣኝም። ልክ ከሆነ ግን ይኼ ወሬ ሁለተኛ እዚህ ቤት አይነሳ።»

ላውረትም ያን መሬት ልክ ነው ብላ ታምናለች። እኛም ሁላችን ብንጠየቅ እንምልለት ነበር። በረዶው ላይ እኮ ተንሸራተንበታል፤ አንድ ቀን ወደ አንድ ጎን የሳበን የለም። አሁን አይሆንም ብትል ነገሩ አለቀ፤ እሺ ብትልም አለቀ። በኪሷ ያለውን ቅጽ በጣቶቿ ጨበጠችው።

«ይለካ» አለች።

ዠርቬ ከመኪናው ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አመጣ። ዘመናዊ መሣሪያ ሞልቶለት እሱ ከአባቱ በተማረው ነው የሚለካው፤ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይሞላል፣ አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን ጫፍ እዚያ ችካል ላይ ያስራል፤ በሁለቱም ጫፍ ውሃው የቆመበት እኩል ነው፣ ከዚያ ከውሃው እስከ መሬት ያለውን ቁመት በሜትር መለካት ነው። በቤቱ በኩል ያለውን ለካ። ወደ አጥሩ ሄዶ ተንበረከከ። አየ። ሜትሩን ጠቅልሎ እንደገና ዘረጋና ደግሞ አየ።

«አማቼ» አለ።

«በል እንጂ።»

«ሃያ ሦስት ሳንቲ።»

«ሃያ ሦስት ምን?»

«የአጥሩ ዳር ከቤቱ ዳር በሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው።»

ሮዘር ሳቀ። ቱቦህ አየር ገብቶበታል አለው። ዠርቬ አየሩን አስወጥቶ ደገመው፤ ሃያ ሦስት። ችካሎቹን አቀያይሮ ሦስተኛ ለካ፤ ሃያ ሦስት። ይህን ጊዜ ሮዘር ምርኩዙን አንስቶ ቆመ። ከበረንዳው ወረደ፣ ሣሩን ረገጠ። ላውረት ልትደግፈው ብላ እጇን መልሳ ሰበሰበች፤ ከወደቀ ወዲህ ጓሮውን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ቀኝ እግሩን እየጎተተ አጥሩ ድረስ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ቱቦው ውስጥ የቆመውን ውሃ አየ፣ ዞሮ የወዲያኛውን ጫፍ አየ።

ላውረትም አጠገቡ ቆማ ቀስ በቀስ ገባት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሮዘር ያፈሰሰውን ውሃ መሬቱ ያዘነበለበት ድረስ ማን ወሰደው? ማንም። ውሃው ራሱ ሄደ። ጎድጓዳውን ራሱ ሞላ፣ ራሱ ተኛ፣ ራሱ ተስተካከለ፤ አንድ ቃል ሳይናገር። በቤቱ በኩል አራት ጣት የማይሞላ፣ በአጥሩ በኩል ከስንዝር በላይ በሆነ በረዶ ላይ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲሮጥ አደገ፤ ማንም ልብ አላለም። ሙቀት ሲመጣ የአጥሩ ዳር ሁሌ መጨረሻ የሚቀልጠው ለዚህ ነበር። ሮዘር ግን የጎረቤት ጥድ ጥላ ጥሎበት ነው ብሎ ጥዱን እስከማስቆረጥ ደርሷል። ጥዱ የኔ ነበር፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።

«ሁልጊዜ እዚህ ጋ ብዙ ይጠጣል» አለ ሮዘር፣ ለማንም ሳይሆን። «ይሰርጋል እያልኩ እጨምርለት ነበር።»

ድምፁ ተለውጧል። ያሸነፈችው ላውረት ናት፤ ነገር ግን ፊቱን ስታየው ድሏ አፈር ሆነባት። በእጁ የቀረችው ያቺ ሜዳ ነበረች፣ እሷንም በሜትርና በቱቦ ቀማነው ብላ አሰበች።

«ሮዘር፣ ይቅር» አለችው። «ገንዳው ይቅር። ወረፋችንን እንጠብቃለን።»

«ምኑ ነው የሚቀረው?»

«ገንዳው። ሜዳህ ይሁን።»

ሮዘር ቀና አለ። ሲያያት ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የተደነቀ ሰው ዓይን ነው።

«ላውረት፣ እኔ በዚህ መሬት ሠላሳ አንድ ዓመት ምያለሁ። በእንቅልፌ ብጠየቅ እንኳ እምል ነበር። ይኸው ሃያ ሦስት ሳንቲ ዋሽቻለሁ።» ቀኝ ጭኑን በግራ እጁ መታ አደረገው። «ይኼ እግር አይነሳም ብዬ የማልኩትም በዚሁ አፌ ነው። ትከዪው።»

ላውረት የታጠፈውን ቅጽ ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው። ዠርቬ ፊቱን አዙሮ ቱቦውን መጠቅለል ጀመረ።

ቅዳሜ ደቦ ወጣን። ማንም ጥሪ አልላከም፤ ዠርቬ አካፋ ሲያወርድ ያየ ሁሉ አካፋውን ይዞ መጣ። በሮዘር በረዶ ላይ ጥርሳቸው የወለቀ ልጆች ዛሬ ጢም አብቅለው፣ የራሳቸውን ልጆች አስከትለው መጡ። ሣሩን ገፈን አነሳነው፣ ከፍ ያለውን ቆፍረን ወሰድን፤ ዝቅ ያለውን በአፈር አንሞላም፣ አፈር ውሃ ሲያርፍበት ይሰምጣል። አሸዋ አነጠፍን፣ ግድግዳውን በክብ አቆምን፣ ፕላስቲኩን አለበስነው። ላውረት በድስት ቋሊማ ቀቅላ በዳቦ አደለች፣ ቢራው በበረዶ ባልዲ ውስጥ ነው። ሮዘር በረንዳው ላይ ሆኖ ሁሉንም ያዝዛል። «አሸዋው ላይ ድንጋይ አለ፣ አንተ ቀይ ኮፍያ፣ ዓይንህን ሸጠኸዋል እንዴ?» ይላል። ቀይ ኮፍያ ያደረገው የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ለገንዳ ሕጉ የሚያዘውን አጥርና በራሱ የሚዘጋ በር ሊያይ መጥቶ ነው አካፋ የጨበጠው።

ውሃውን ሁለት ቦቴ አመጣው። ቱቦው ተለቀቀ፤ ዠርቬ ሱሪውን ጠቅልሎ በባዶ እግሩ ገባና ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ሳይደርስ የፕላስቲኩን እጥፋት በተረከዙ ወደ ዳር ዳር እየገፋ አቃና። ከዚያ ወጣና ሁላችንም ግድግዳውን ከበብን። ሁላችንም ገንዳ አለን፤ ሁላችንም ሲሞላ አይተናል። ያን ቀን ግን ከግድግዳው የራቀ አልነበረም። ውሃው ከፍ ሲል ከግድግዳው ጋር የሚሠራው መስመር ዙሪያውን አንድ ነው፤ በቤቱ በኩልም በአጥሩ በኩልም አንድ። ላውረት እጇን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋ ውሃው ከውስጥ ሲገፋው ተሰማት። እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ነገር እንዲህ ዝም ማለቱ አስፈራትም፣ ደስም አሰኛት።

ለሰባት ቀን ፀሐይ እንዲያሞቀው ተውነው። ዠርቬ በዚያ መሃል መደገፊያ ያለው ሰፊ ደረጃ ሠራ። በስምንተኛው ቀን፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። አኒክም እሁዷን ትታ ዋና ልብሷን ለብሳ መጥታለች፤ በደረጃው ልታወርደው። ሮዘር ልክ ጥርስ ሊነቀል እንደመጣ ሰው ጥግ ይዞ ተቀምጧል። የእግሮቹ ልዩነት በአጭር ቁምጣ ይታያል፤ ቀኙ ከስቷል፣ ነጥቷል። ላውረት ፎጣውን ይዛ ደረጃው አጠገብ ቆማለች።

«ቆይ መጀመሪያ እናዙርለት» አለ ዠርቬ።

ማዞር ማለት፣ ክብ ገንዳ ያለው ሁሉ ልጅ ሆኖ የተጫወተው ጨዋታ ነው። ሰዎች ግድግዳውን ይዘው ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ዙሪያውን ይራመዳሉ፤ ውሃው ተከትሎ ይዞራል፣ ከዚያ እግርህን ብታነሳም ራሱ ይወስድሃል። ዠርቬ፣ አምስት ጎልማሶችና የልጆቻቸው መንጋ ገቡ። ዞሩ፣ ዞሩ፣ ውሃው መሄድ ጀመረ። ሲጠና ዠርቬ «በቃ» አለና ሁሉም ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

ሮዘር በአኒክ ክንድ ተደግፎ ወረደ። ውሃው ደረቱ ድረስ መጣ። ግራ እግሩን ተከለ፤ ቀኙ እንደ ጨርቅ ተንሳፈፈ። አንድ ጊዜ ሚዛኑ ሄደ፣ አኒክ ያዘችው። ውሃው ግን ከኋላው እየገፋ ነው፤ ያ ዘጠኝ ወር ሲጎተት የኖረ እግር ራሱ ወደ ፊት ሄደ። ሄዶ አረፈ። ሮዘር ቁልቁል አየው፣ የሱ መሆኑን የተጠራጠረ ይመስል። ግራው ተከተለ። ቀኙ እንደገና ሄደ። አኒክ እጇን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፤ እሱ አላወቀም። ላውረት ከውጭ በግድግዳው ዙሪያ ከጎን ከጎኑ ተራመደች፣ እሱ ውስጥ እሷ ውጭ፣ አንድ ዙር ሙሉ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

ውሃው እየደከመ ሄዶ ቆመ። ሮዘርም ቆመ። በቃ ይወጣል ብለን ደረጃውን ለቀቅንለት። እሱ ግን ዞረ፤ ደረቱን ወደመጣበት አቅጣጫ መለሰ።

«ዠርቬ» አለ። «አዙሩት እንጂ፣ ምን ያስቆማችኋል።»

«ደክሞሃል፣ አማቼ። ደግሞ ውሃው ፊትህን ነው የሚመጣብህ።»

«ፊቴን ይምጣብኝ።»

ዠርቬ እህቱን አያት። ላውረት ፎጣውን ሣሩ ላይ ጣለችው። ጫማዋን አወለቀች፣ እሁድ የምትለብሰውን ቀሚሷን እንደለበሰች ደረጃውን ወጥታ ውሃው ውስጥ ወረደች። ግድግዳውን ይዛ መራመድ ጀመረች። ዠርቬ ተከተላት፣ ጎልማሶቹ ተከተሉ፣ ልጆቹ ተከተሉ፣ ቀይ ኮፍያውም ከነኮፍያው ገባ፤ እኔም ገባሁ። ውሃው ተነሳ። ሮዘር በመሃላችን፣ በተቃራኒው፣ ቀኝ እግሩን በራሱ አንስቶ ረገጠ፤ ደግሞ አንስቶ ረገጠ። ላውረት በሙሉ ጉልበቷ ውሃውን እየገፋችበት ትዞራለች፤ በየዙሩም ፊት ለፊት ይገናኛሉ።